ከካሴት ደብዳቤ እስከ ኤችዲ፦ የሀደራ ሳሎኖች ያልተጻፈ ታሪክ

የኢትዮጵያ አይሁድ ታሪክ በእስራኤል ሲተረክ ብዙ ጊዜ በአውሮፕላን ይጀምራል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል ሰዎች የመጡበት ዘመቻ ሙሴ አለ። በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ የተነሡበት ዘመቻ ሰሎሞን አለ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ስለ ሁለቱ መጽሐፍ አለ፣ ፊልም አለ፣ በመንገድ ላይ ለቀሩትም የመታሰቢያ ቀን አለ። ከአውሮፕላኑ ከተወረደ በኋላ ያለው 40 ዓመት ግን በአብዛኛው ያለፈው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከቴፕ፣ ከቴሌቪዥን፣ ከቪዲዮና ከኮምፒውተር ፊት ለፊት። የሳሎኑን ታሪክ የጻፈ ሰው ጥቂት ነው።

እኔ እዚህ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ነው። ድምፅና ምስል ወደ ቤት የሚያስገባው ዕቃ በተለወጠ ቁጥር ማን ከማን ጋር ይቀመጥ ነበር? የሚሰማውንና የሚታየውን ማን ይመርጥ ነበር? የተቀረጸውስ ነገር ዛሬ የት አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ለታሪክ ተማሪ ከሁሉም የሚያስጨንቀው ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ቦታው ሀደራ ነው። ከተማዋ በ1891 ረግረግ መሬት ላይ ተመሠረተች፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹን ወባ ጨርሷቸዋል። ናሓል ሀደራ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኦሮት ራቢን የሚባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቆሟል፤ ጭስ ማውጫዎቹ ከሩቅ ይታያሉ። በጊቫት ኦልጋና በሌሎች ሰፈሮች ደግሞ ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። እስቲ አስቡት፤ ኩራዝ ከሚበራበት መንደር ተነሥተው የመጡ ሰዎች ከአገሪቱ ትልልቅ የመብራት ማመንጫዎች በአንዱ አጠገብ ሰፈሩ። ኤሌክትሪክ በነዚህ ቤቶች ውስጥ ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ ታሪክ መጠየቅ ነው።

የድምፅ ደብዳቤ

ድምፅን ቀርጾ መላክ ለኢትዮጵያ የቆየ ነገር ነው። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ላኩ። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስለታዘዘ ዛሬ የለም። ምኒልክና ጣይቱም በሰም ሲሊንደር ላይ ድምፃቸውን ቀርጸው መለሱ፤ የእነርሱ ድምፅ ተጠብቆ ቆይቷል። ይህችን ትንሽ ታሪክ ያዙልኝ። ከሁለት ድምፅ አንዱ ቀረ፣ አንዱ ጠፋ፤ ልዩነቱን ያመጣው አንድ ሰው ለማስቀመጥ ወይም ለማጥፋት መወሰኑ ነው።

የቤተ እስራኤልን ድምፅ መጀመሪያ የቀረጹት ተመራማሪዎች ነበሩ። ወልፍ ሌስላው በ1947 ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጸው ጸሎትና ዜማ በ1951 አሜሪካ ውስጥ በሸክላ ታተመ። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ ደግሞ በ1973 ጎንደር አካባቢ ሄዳ የቄሶችን ዜማ አጥንታለች። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ማሽኑ ግን የእንግዳው ነበር፤ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው እንግዳው ነው።

ማሽኑን ወደ ቤተሰቡ እጅ ያመጣው ካሴት ነው። ፊሊፕስ ካሴትን ያወጣው በ1963 ሲሆን በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ዖሊሞቻችን እዚህ ሲደርሱ ታዲያ የካሴት ጥቅም ከዘፈን አለፈ። ብዙ ወላጆች ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። እስራኤልና ኢትዮጵያም ከ1973 እስከ 1989 ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አልነበራቸውም። ግማሹ ቤተሰብ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ስለዚህ ሰው በካሴት ላይ ተናግሮ፣ መንገደኛ ሲገኝ በእጅ ይልክ ነበር።

የካሴት ደብዳቤ የራሱ ሥርዓት አለው። አንድ ካሴት 60 ወይም 90 ደቂቃ ይይዛል፤ ስለዚህ የሚናገረው ቤቱ በሙሉ ነው። መጀመሪያ ታላቁ ሰው ይናገራል፤ እንደምን ከረማችሁ እያለ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል፣ ይመርቃል። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ልጆቹ። የወለደ ይነገራል፣ ያገባ ይነገራል፣ የሞተም ካለ መርዶው እዚያው ይነገራል። ልቅሶም ይሰማል። በወረቀት ደብዳቤ ብቻውን የማይነበብ ነገር በካሴት ዘመድ ተሰብስቦ ይሰማዋል። አያቴ ሲነግሩኝ፣ ከጎንደር ካሴት መጣ ከተባለ ቡና ሳይፈላ፣ ጎረቤት ሳይጠራ አይከፈትም ነበር። መልሱ ደግሞ አንዳንዴ በዚያው ካሴት ላይ ይቀረጽ ነበር፤ ማለትም አዲሱ ድምፅ የድሮውን ያጠፋዋል። ለእነርሱ ካሴቱ የመገናኛ ዕቃ ነው። ማኅደር ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም።

ሰርግ በቪዲዮ

ቀጥሎ የመጣው ቪዲዮ ነው። ቪኤችኤስ በጃፓን የወጣው በ1976 ነው፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለች ጥቁር ሣጥን ሆኖ በየቤቱ ገባ። በአየር ላይ የነበረውን እናስታውስ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1964 ነው፣ ቀለም ያገኘው በ1984፤ ግን የጎንደር ገጠር ሰው አብዛኛው አይቶት አያውቅም። በእስራኤል ደግሞ ሁለተኛው ቻናል በመደበኛ ሁኔታ ሥራ የጀመረው በ1993 ነው። አማርኛ የሚሰማው በዋናነት በራዲዮ ሲሆን፣ በ1991 የተቋቋመው ሬካ ለብዙ ሽማግሌዎች የዜና ምንጭ ሆነ። አማርኛ የሚናገር ምስል ማየት የፈለገ ሰው ግን ካሴት ማስገባት ነበረበት። ከካሴቶቹ ሁሉ በብዛት የሚታየው የሰርግ ካሴት ነው።

የሰርግ ቪዲዮ ለማያውቀው ሰው አሰልቺ ነው። ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ካሜራው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል፣ ሰው ሲበላ ያሳያል፣ እስክስታውን ያለ ማቋረጥ ያሳያል። የእስራኤል ጓደኞቻችን ይህ ሁሉ ለምን አይቆረጥም ይላሉ። መልሱ ያለው ዘመድ ቆጠራ ውስጥ ነው። በባህላችን እስከ 7 ትውልድ የሚዛመዱ አይጋቡም፤ ስለዚህ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ግዴታ ነው። ሰርጉ ላይ የነበሩ ሁሉ የሚታዩበት ካሴት የዘመድ መዝገብ ሆኖ ያገለግላል። ሽማግሌዋ በጣታቸው ስክሪኑን እየነኩ፦ ይሄ የእገሌ የልጅ ልጅ ነው፣ አባቱ በሱዳን መንገድ ቀረ፣ ይቺ ደግሞ በእናቷ በኩል የእኛ ናት፤ ይላሉ። ያ ሁሉ ማብራሪያ ካሴቱ ላይ የለም፤ የሚነገረው ካሴቱ ሲታይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ የቴክኒክ ነገርም ታሪኩን ነክቶታል። እስራኤልና ኢትዮጵያ ሁለቱም ፓል የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ይጠቀሙ ነበር፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ ግን ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ 30 ገደማ ምስል። ስለዚህ ሀደራ የተቀረጸ ሰርግ አዲስ አበባ ይታያል፤ ከዋሽንግተን የመጣ ካሴት ግን ሁለቱን የሚያነብ ማጫወቻ ከሌለ ቀለሙ ይጠፋል ወይም ምስሉ ይንከባለላል። ያ ዘመን ሲታሰብ ከዋሽንግተን ዘመድ ይልቅ የጎንደር ዘመድ ለቪዲዮ ቅርብ ነበር ማለት ይቻላል።

ሻላቱ በማን እጅ ነው?

በ2000ዎቹ በረንዳ ላይ ሰሃን መታየት ጀመረ፤ እኛ ጻላሓት የምንለው። በሰሃን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ገባ። በ2008 ከሜሪላንድ ኢቢኤስ፣ በ2010 ከአምስተርዳም ኢሳት ሥርጭት ጀመሩ። እዚህ አገርም የኢትዮጵያ እስራኤላውያን የራሳቸው ቻናል፣ አይኢቲቪ፣ በኬብልና በሳተላይት ላይ ቦታ አገኘ። በ2016 ደግሞ ቃና መጣና የውጭ ድራማዎች አማርኛ ተናገሩ።

በዚህ ዘመን ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ቋንቋ፣ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ የሚታይ ነገር አገኙ። ሻላቱ በእጃቸው ሆነ። ልጆቹ ግን ድራማው ሲጀመር ተነሥተው ሄዱ። የት? ማሕሼቩ ወዳለበት ክፍል። ሳሎኑ አማርኛ፣ ክፍሉ ዕብራይስጥ ሆነ። አንድ ቤት፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ ሁለት ቋንቋ። ልጆች አማርኛን የረሱት ትምህርት ቤት ስለገቡ ብቻ ነው የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እኔ የቤቱ አከፋፈልም የራሱን ድርሻ እንዳደረገ ነው የማስበው። የሰርጉ ካሴት ሁሉንም አንድ ሶፋ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ሁለተኛው ስክሪን ሲመጣ ግን መተው ቀላል ሆነ።

ኤችዲ ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንግባ። ዩቲዩብ የተመሠረተው በ2005 ነው። የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎች ደብዛዛና ትንንሽ ነበሩ፤ 720 መስመር ያለው ጥራት የመጣው በ2008፣ 1080 ያለው ደግሞ በ2009 ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ነገር አለ። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት፣ በሰከንድ 25 ምስል ብለን ብናባዛው በሰከንድ ወደ 1,244 ሚሊዮን ቢት ይመጣል። ይህን የሚችል የቤት መስመር ያኔ የለም። የሚላከው ግን 5 ሚሊዮን ቢት አካባቢ ነው፤ ማለትም ወደ 250 እጥፍ ተጨምቆ። ጭመቃው የሚሠራው የማይለወጠውን ነገር ደግሞ ባለመላክ ነው። ከተናጋሪው ኋላ ያለው ግድግዳ ካልተንቀሳቀሰ አንዴ ከተላከ ይበቃል፤ የሚላከው የአፉና የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ለዚህ ነው ዜና ያለ ችግር እየታየ እስክስታ ሲመጣ ምስሉ የሚፈራርሰው! ትከሻው ሁሉ በአንዴ ሲንቀሳቀስ ጭመቃው ይቸገራል።

ሌላው ብልሃት ቪዲዮውን በጥቂት ሰከንድ ቁራጭ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ቁራጭ በተለያየ ጥራት ማዘጋጀት ነው። መስመሩ ሲደክም ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ቁራጭ ዝቅ ባለ ጥራት ይጠይቃል። ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ አይቆምም። ከዚያ በፊት ግን ያቺ የምትሽከረከር ክብ ነበረች፤ ከሰው ሁሉ ትዕግሥት ጋር የተጣላች። ቤዜቅ በ2021 የፋይበር አገልግሎት መስጠት ሲጀምር፣ ሲቪም መጣ ወይ የሚለው ጥያቄ በየሕንጻው መግቢያ ይሰማ ነበር።

ከፍጥነቱ በላይ ለታሪክ የሚጠቅመው ግን የሥልጣን ለውጥ ነው። ካሴት ማስገባት ሁሉም ይችላል። ኮምፒውተር ግን የይለፍ ቃል አለው፣ ጽሑፉ ዕብራይስጥ ነው፣ ኬብሉን ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት አለ። ስለዚህ የ10 ዓመት ልጅ የቤቱ ቴክኒሻን ሆነ። ይኸው ልጅ በባንክና በክሊኒክ አስተርጓሚም ነበር። አባት የሚፈልገውን ድራማ ለማየት ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ይጠብቃል። ይህ ለሰሚው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በእኛ ባህል ግን ታላቅ ታናሽን ሲለምን ቀላል አይደለም።

ከዚያ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። በ2017 ጎግል የድምፅ ትእዛዝ ከሚቀበልባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛን ጨመረ። መጻፍ የማይችሉ አያት ስልኩን ይዘው የሚፈልጉትን በአፋቸው መናገር ቻሉ፤ የቄስ ጸሎት ይሁን፣ የማሲንቆ ጨዋታ ይሁን፣ ዜና ይሁን። ከካሴት ወዲህ ንግግር ብቻውን እንደገና በቂ ሆነ። ሆኖም ካሴት ቤቱን ይሰበስብ ነበር፤ ስልክ ግን ለአንድ ጆሮ ነው። ኔትፍሊክስም ከ2016 ጀምሮ እዚህ አለ፤ ዛሬ በአንድ ሳሎን ውስጥ አምስት ሰው አምስት ስክሪን ይዞ ጎን ለጎን ተቀምጦ ማየት ብርቅ አይደለም።

መስመሩ ሲቆረጥ

ኤችዲ ሁለት ጫፍ አለው። ሀደራ ላይ ፋይበር ቢኖርም ጎንደር ላይ መስመር ከሌለ ስክሪኑ ባዶ ነው። ኢትዮጵያ ባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፍ መስመሯ በጎረቤት አገሮች በኩል ያልፋል፤ 4ጂ አዲስ አበባ የደረሰው በ2015 ነው። በቪዲዮ መነጋገር የተለመደ ከሆነ በኋላ ግን በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያው ወር እስራኤል ከ200 በላይ ሰዎችን ከጎንደርና ከአዲስ አበባ አወጣች። ወንድሙ ወይም እናቱ እዚያ የቀሩበት ሰው ግን ለብዙ ወራት ፊታቸውን በስክሪን አላየም፤ በመደበኛ ስልክ ድምፅ ካገኘም ተመስገን ነው።

እዚህ ላይ የካሴት ዘመን ሌላ መልክ ይይዛል። ካሴት ቀርፋፋ ነው፣ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ መንገድ ላይም ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ትእዛዝ የሁሉንም ካሴት ማቆም አይቻልም ነበር። የዛሬው መስመር ፈጣን ነው፤ ባለቤቱ ግን እኛ አይደለንም።

ምን ይተርፋል?

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደርሰናል። ስለ ዖሊሞቻችን የተጻፈ ሰነድ በመዝገብ ቤት ሞልቷል፤ የሶኽኑት፣ የሚኒስቴር፣ የምርካዝ ክሊታ። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ግን ሰው የሚገኘው በተሰጠው የዕብራይስጥ ስም፣ በተገመተ የልደት ዓመት፣ በሠራተኛው አጻጻፍ ነው። የካሴት ደብዳቤና የሰርግ ቪዲዮ ተቃራኒ ናቸው። እዚያ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ በራሱ ቋንቋ ያለቅሳል፣ ዘመዱን ራሱ ይቆጥራል። የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን የማህበረሰቡን ታሪክ ከውስጥ ለመጻፍ ከፈለግን ከነዚህ የተሻለ ምንጭ አላውቅም። ያሉት ግን ቁም ሣጥን ላይ፣ ማክሳን ውስጥ፣ በላስቲክ ከረጢት ነው።

ጊዜው ደግሞ እያለቀ ነው። የካሴት ጥብጣብ በላስቲክ ላይ የተለጠፈ የብረት ዱቄት ነው፤ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ሙጫው ይላቀቃል፣ ምልክቱ ይደክማል። የሀደራ እርጥበትም አይረዳውም። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው፤ ቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2016 ምርት አቆመ። ዩቲዩብ ላይ አስቀምጠናል የሚሉም አሉ፤ መልካም ነው፣ ግን አካውንቱ ከተዘጋ ወይም የሰርጉ ዘፈን የቅጂ መብት ጥያቄ ካስነሣ ቪዲዮው ሊወርድ ይችላል። በስትሪሚንግ ዘመን ሰው ብዙ ያያል፣ እጁ ላይ የሚቀረው ግን ጥቂት ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። የሚሠራ ማጫወቻና ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ መቀየሪያ ይበቃል። ካሴቱን ኤችዲ ለማድረግ መሞከር አያስፈልግም፤ ፓል የሚታይ 576 መስመር ነው ያለው፣ እሱኑ እንዳለ መጠበቅ ነው። የሦስት ሰዓት ሰርግ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት ቢቀመጥ ወደ 7 ጊጋባይት ይሆናል፤ አንድ ርካሽ ፍላሽ ላይ ይገባል። አንድ ቅጂ በአንዱ ልጅ ቤት፣ ሌላው በሌላው ልጅ ቤት ይቀመጥ።

ከባዱ ክፍል ካሴቱ ላይ የሌለው ነው። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ይሄ የእገሌ ልጅ ነው የሚሉት ሰዎች ዛሬ 80 ዓመት አልፏቸዋል። ቪዲዮው ቢድን እነርሱ ካለፉ ግን የሚቀረን ስም የሌላቸው ፊቶች ናቸው። ስለዚህ ካሴቱን ስታስቀይሩ አንድ ነገር ጨምሩበት። አያቶቻችሁን ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጧቸው፣ ሰርጉን ክፈቱ፣ ስልኩን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጋችሁ አጠገባቸው አኑሩት፣ እና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ማነው ይሄ እያላችሁ ጠይቁ። አማርኛችሁ ቢሰባበርም ግድ የለም፤ እነርሱ ይገባቸዋል። ቀኑንና የተናጋሪውን ስም በፋይሉ ላይ ጻፉ። ፋሲካ ወይም ስግድ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነውና ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ማጫወቻው ግን ከዚያ በፊት ይፈለግ።